የአምፑል አንገት፦ የመድኃኒት ብርጭቆ በደኅና የሚሰበረው እንዴት ነው?

«አምፑል» የሚለውን ቃል ስንሰማ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምናስበው ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን የኤሌክትሪክ መብራት ነው። ለነርስ ግን ቃሉ ሌላ ዕቃም ይጠራል፤ አንገቱ የጠበበ፣ ጫፉ በእሳት የተዘጋ፣ በውስጡ ጥቂት ሚሊ ሊትር የመርፌ መድኃኒት የያዘ ትንሽ ብርጭቆ። የስማቸው መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በፈረንሳይኛም ይኸው ቃል ሁለቱን ይጠራል፤ የሩቅ ምንጩም «ትንሽ ጠርሙስ» የሚል ፍቺ ያለው የላቲን ቃል ነው።

ይሁን እንጂ በሁለቱ አምፑሎች መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የመብራት አምፑል ከተሰበረ አበቃለት፤ የመድኃኒት አምፑል ግን ካልተሰበረ አይጠቅምም። ነርሶች፣ አዋላጆችና ሐኪሞች በየቀኑ በእጃቸው ብርጭቆ ይሰብራሉ፤ ከሰበሩትም ብርጭቆ ውስጥ የሚቀዳው ፈሳሽ በቀጥታ ወደ ሰው ሰውነት ይገባል። ስለሆነም ጥያቄው ሁለት ገጽታ አለው፤ የሠራተኛው ጣት እንዳይቆረጥ ምን ይደረግ? ስብርባሪው ወደ ታካሚው እንዳይገባስ ምን ይደረግ? በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥያቄዎች በፊዚክስ ዓይን እንመለከታለን። ጽሑፉ በመምህር ፊት በተግባር የሚደረገውን ልምምድ አይተካም፤ ዓላማው በልምምዱ ጊዜ «እንዲህ አድርጉ» የሚባለው ለምን እንደሚባል ማስረዳት ነው።

ለምን ብርጭቆ?

እ.ኤ.አ. በ1886 ስታኒስላስ ሊሙዜን የተባለ የፓሪስ መድኃኒት ቀማሚ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችን በእሳት በሚዘጋ ትንሽ ብርጭቆ ውስጥ የማሸግን ዘዴ አስተዋወቀ። ከዚያ ቀደም እነዚህ መድኃኒቶች በተራ ጠርሙስ ይቀመጡ ስለነበር ቶሎ ይበላሹና ይሻግቱ ነበር። በሊሙዜን ዘዴ ክዳን የሚባል ነገር የለም፤ ዕቃው ራሱ ቀልጦ ራሱን ይዘጋል። አየርም ሆነ ተሕዋስያን የሚገቡበት ቀዳዳ አይኖርም፤ መድኃኒቱም ከላስቲክ ጋር አይነካካም።

ለዚህ አገልግሎት የሚውለው ብርጭቆ በአብዛኛው ቦሮሲሊኬት የሚባለው ዓይነት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያዳበረው ይህ ብርጭቆ ከተራው የመስኮት መስታወት ይልቅ ሙቀትንና ኬሚካልን ይቋቋማል፤ በውስጡ ወዳለው ፈሳሽ የሚያሟሟው ንጥረ ነገርም እጅግ አነስተኛ ነው። ብርሃን የሚያበላሻቸው መድኃኒቶች ደግሞ በቡናማ ብርጭቆ ይታሸጋሉ።

እንግዲህ ብርጭቆ መድኃኒቱን በሚገባ ይጠብቃል። ችግሩ የሚመጣው ጥበቃው አብቅቶ መክፈት ሲያስፈልግ ነው።

ብርጭቆ ለምን ይሰበራል?

ብርጭቆ በቀላሉ የሚሰበር ነገር ስለሆነ ደካማ ይመስለናል። በአተሞቹ መካከል ያለውን ትስስር ብቻ ይዘን ብናሰላ ግን እጅግ ጠንካራ መሆን ይገባው ነበር። ታዲያ በስሌቱና በተግባር በሚታየው ጥንካሬ መካከል ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት ለምን ኖረ? ይህን እንቆቅልሽ የፈታው እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ ነው። ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት የብርጭቆን ጥንካሬ የሚወስኑት በገጹ ላይ ያሉ ለዓይን የማይታዩ ስንጥቆች መሆናቸውን አሳየ። እንደ ክር የቀጠነ አዲስ ብርጭቆ ከወፍራም የብርጭቆ ዘንግ ይልቅ፣ ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር፣ እጅግ ጠንካራ ሆኖ አግኝቶታል።

ስንጥቅ ይህን ያህል ጉልበት የሚያገኘው ከየት ነው? ከግሪፊዝ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ቻርልስ ኢንግሊስ ያወጣው ስሌት መልሱን ይሰጠናል። አንድ ዕቃ ሲሳብ ኃይሉ በአካሉ ውስጥ እኩል ተከፋፍሎ ያልፋል፤ በመንገዱ ላይ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ግን ዙሪያውን ለመዞር ይገደዳልና በስንጥቁ ጫፍ ይከማቻል። በስሌቱ መሠረት በጫፉ ላይ ያለው ውጥረት ከአማካዩ የሚበልጠው በዚህ እጥፍ ነው፦

1 + 2 × √(የስንጥቁ ጥልቀት ÷ የጫፉ ሬዲየስ)

ለምሳሌ የስንጥቁ ጥልቀት 100 ማይክሮሜትር፣ የጫፉ ሬዲየስ ደግሞ 0.01 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ በጫፉ ላይ ያለው ውጥረት ከሌላው ቦታ 201 እጥፍ ይሆናል። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን እናስታውስ። ብረት እንዲህ ያለ ውጥረት ሲደርስበት በጥቂቱ ይተጣጠፍና ጫፉን ያደነዝዘዋል፤ ብርጭቆ ግን መተጣጠፍ አይችልምና ስንጥቁ ይሮጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነጥብ ልብ እንበል። ስንጥቅን የሚከፍተው መሳብ ወይም መወጠር ነው፤ መጭመቅ ግን የስንጥቁን ሁለት ከንፈሮች እርስ በርስ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ ብርጭቆ ሲጨመቅ ብርቱ፣ ሲወጠር ግን ደካማ ነው። መስታወት ቆራጮች ይህን ሕግ በእጃቸው ያውቁታል። በገጹ ላይ አንድ ቀጭን ጭረት ይጭራሉ፤ ከዚያም ጭረቱን ወደ ላይ አድርገው መስታወቱን ወደ ታች ሲያጎብጡት ሰፊው መስታወት በጭረቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይለያያል። መስታወቱን ያለያየው የክንዳቸው ብርታት ሳይሆን የጭረቱ ቦታና የማጉበጡ አቅጣጫ ነው። አምፑልም የሚከፈተው በዚሁ ሕግ ነው።

ነጥቡና ቀለበቱ ምን ይነግሩናል?

በቀድሞው ጊዜ ነርሷ የአምፑሉን አንገት በትንሽ ሞረድ ፈግፍጋ ጭረቱን ራሷ ታወጣ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ አምፑሎች ላይ ይህን ሥራ ፋብሪካው አስቀድሞ ይሠራዋል። የሚሠራበትም ዋና መንገድ ሁለት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ባለ አንድ ነጥብ አምፑል ነው። በአንገቱ ዙሪያ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ አጭር ጭረት ይደረጋል። ጭረቱ በቀላሉ ስለማይታይ ከበላዩ ባለቀለም ነጥብ ይቀባል። ነጥቡ ጌጥ አይደለም፤ «ስንጥቁ ከእኔ በታች ነው» የሚል ምልክት ነው። ነጥቡን ወደ ራሳችን አዙረን የአምፑሉን ራስ ወደ ፊት፣ ማለትም ከእኛ አርቀን፣ ብናጎብጠው በእኛ በኩል ያለው የአንገቱ ገጽ ይወጠራል፤ ጭረቱም ይከፈታል። ራሱን ወደ ነጥቡ አቅጣጫ ብናጎብጠው ግን ጭረቱ ይጨመቃል። ያን ጊዜ የሚወጠረው ጭረት የሌለበት የጀርባው ገጽ ይሆናል። ይህ ገጽ ለመሰበር የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ኃይሉ ሲጨምር በብርጭቆው ውስጥ የሚከማቸው ጉልበትም ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሲሰበር ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅና ስንጥቁ ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበታተናል። የተቆረጠ ጣትና የደቀቀ አንገት ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዚህ ነው።

ሁለተኛው ባለ ቀለበት አምፑል ነው። በአንገቱ ዙሪያ ባለቀለም ቀለበት ይቀባና በሙቀት ከብርጭቆው ጋር ይዋሃዳል። ቀለሙና ብርጭቆው በሙቀት የሚሰፉበትና ሲቀዘቅዙ የሚኮማተሩበት መጠን አንድ ስላልሆነ፣ ከቀዘቀዙ በኋላ በአንገቱ ዙሪያ ውጥረት ታስሮ ይቀራል። ደካማው ቦታ ዙሪያውን ስለሆነ ይህን አምፑል በማንኛውም አቅጣጫ አጉብጦ መስበር ይቻላል። ስለዚህ ማንኛውንም አምፑል ከመያዛችን በፊት የምንጠይቀው ጥያቄ «ነጥብ ነው ወይስ ቀለበት?» የሚለው ነው።

የአከፋፈቱ ቅደም ተከተል

አሁን ልምምዱን በቅደም ተከተል እንመልከት። በየደረጃው ምክንያቱን አብረን እናስቀምጣለን።

1ኛ. እጃችንን እንታጠባለን። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን እናነባለን። አምፑሉን ወደ ብርሃን አንሥተን መሰንጠቁን፣ ፈሳሹ መደፍረሱን ወይም ዝቃጭ መያዙን እናያለን። ከተሰበረ በኋላ ጽሑፍ ያለበትን አካል ደግመን ሳናነብ አንጥለውም።

2ኛ. በራሱ ውስጥ የቀረውን ፈሳሽ ወደ ታች እናወርዳለን። ፈሳሹ ላይ የሚቀረው አንገቱ ጠባብ ስለሆነና የፈሳሹ የገጽ ውጥረት ስለሚይዘው ነው፤ እንዲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። አምፑሉን አቁመን ራሱን በጥፍራችን ቀስ ብለን መታ መታ ስናደርገው ወይም በክብ ስናሽከረክረው ለአየሩ መንገድ ይከፈታል። ይህን ካላደረግን ከመድኃኒቱ ከፊሉ ከራሱ ጋር ይጣላል፤ የአንድ ሚሊ ሊትር አምፑል ሲሆን ጉድለቱ ቀላል አይደለም።

3ኛ. አንገቱን በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጠርገን እስኪደርቅ እንጠብቃለን። ምክንያቱም ሲሰበር ከአንገቱ ገጽ ላይ ያለው ሁሉ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። እርጥብ ከሆነም ያዳልጣል፤ አልኮሉም ከመድኃኒቱ ጋር ሊቀላቀል ይችላል።

4ኛ. ራሱን በደረቅና ንጹሕ ጎዝ እንሸፍናለን፤ ለዚሁ የተሠራ መክፈቻ ካለ እሱን እንጠቀማለን። የእጅ ጓንት ብርጭቆን አያቆምም፤ ስስ ላስቲክ ነውና አብሮ ይቀደዳል። ጎዙ ግን በጣትና በተሰበረው ጠርዝ መካከል ይገባል፤ የሚፈናጠረውንም ስብርባሪ ይይዛል።

5ኛ. በአንድ እጃችን አካሉን ከአንገቱ በታች፣ በሌላው ራሱን እንይዛለን። ነጥቡ ወደ እኛ ይዞራል፤ ራሱን የያዘው እጅ አውራ ጣት በነጥቡ ላይ ያርፋል። ከፊታችንም ሆነ በአጠገባችን ካለ ሰው አርቀን፣ በአንድ ቁርጥ ያለ እንቅስቃሴ ራሱን ወደ ፊት እናጎብጠዋለን። አንጠመዝዘውም፤ አንገቱንም በጣቶቻችን መካከል አንጨምቀውም።

6ኛ. እምቢ ካለ ኃይል አንጨምርም። ቆም ብለን ነጥቡ በትክክል መዞሩን እናረጋግጣለን። ያም ሆኖ እምቢ ካለ ሌላ አምፑል እንወስዳለን።

በመቀስ እጀታ ወይም በሌላ ብረት ራሱን መትቶ መጣል መወገዝ ያለበት ልማድ ነው። የምት ኃይል አንድን ስንጥቅ ለይቶ አይከፍትም፤ በየቦታው ብዙ ስንጥቆችን በአንድ ጊዜ ያስነሳል። አምፑሉ በርግጥ ይከፈታል፤ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ጋር ብዙ የብርጭቆ ብናኝ ይቀላቀላል።

7ኛ. የተሰበረውን ጠርዝ እናያለን። ጠርዙ ደቆ ከሆነ ወይም በፈሳሹ ውስጥ ስብርባሪ ከታየ መድኃኒቱን ከነአምፑሉ እናስወግዳለን። ራሱም አካሉም የሚጣሉት በተራ ቆሻሻ ውስጥ ሳይሆን ለስለት በተዘጋጀው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው፤ ቆሻሻውን የሚያወጣው ሠራተኛም ጣት አለውና።

የማይታየው ስብርባሪ

አምፑሉ በትክክል ቢሰበርም ነገሩ አላለቀም። የትኛውም ስብራት፣ እጅግ ጥሩ የሚባለው እንኳ፣ ጥቂት ብናኝ ይለቃል። በተጨማሪም አምፑሉ የሚዘጋው በእሳት ስለሆነ በውስጡ የቀረው አየር በሚታሸግበት ጊዜ ይሞቃል፤ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ከውጭው አየር ዝቅ ሊል ይችላል። ሲሰበር አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ብናኙንም ይዞ ይገባል።

በመልካም ብርሃን የሰው ዓይን ያለ መሣሪያ ሊያየው የሚችለው ትንሹ ነገር 50 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 7 ወይም 8 ማይክሮሜትር ስፋት አለው፤ የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ስፋት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። እንግዲህ ከ10 እስከ 50 ማይክሮሜትር ያለ የብርጭቆ ቅንጣት ለዓይን አይታይም፤ በቀጭን የደም ሥር ውስጥ ግን አያልፍም። በክንድ የደም ሥር የተሰጠ ቅንጣት በልብ አልፎ መጀመሪያ የሚደርሰው ሳንባ ላይ ነው፤ እዚያም ይያዛል። ብርጭቆ ደግሞ በሰውነት ውስጥ አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ1964 ጋርቫንና ገነር የተባሉ ሐኪሞች በአውስትራሊያ ባሳተሙት ጥናት፣ በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ ውስጥ ያሉ ባዕድ ቅንጣቶች በጥንቸሎች ሳንባ ውስጥ ተይዘው በዙሪያቸው የቁስል እብጠት እንደሚያስከትሉ አሳይተዋል። ጥናቱ በተለይ ስለ ብርጭቆ አልነበረም፤ ሆኖም በደም ውስጥ የሚገባ ቅንጣት ሁሉ ሊታሰብበት እንደሚገባ አስገንዝቧል።

አንድ ሰው «ከተከፈተ በኋላ ጥቂት ብንጠብቅ ቅንጣቱ ወደ ታች ይዘቅጥ የለምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልካም ጥያቄ ነው፤ በስቶክስ ሕግ ልናሰላው እንችላለን። ሕጉ አንድ ትንሽ ሉል በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድበት ፍጥነት ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር እንደሚያድግ ይነግረናል። የብርጭቆው እፍጋት ከውኃ 2.3 እጥፍ ነው፣ መድኃኒቱም እንደ ውኃ ይፈስሳል፣ የሚወርድበትም ጥልቀት 2 ሴንቲ ሜትር ነው ብለን እንነሣ። ውጤቱ የሚከተለው ነው፦

50 ማይክሮሜትር ያለው ቅንጣት በ11 ሴኮንድ ገደማ ይዘቅጣል።
10 ማይክሮሜትር ያለው 5 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።
5 ማይክሮሜትር ያለው 19 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል።

የብርጭቆ ቅንጣት ሉል ስላልሆነ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ ይለያል፤ ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። ጥቂት ሴኮንድ መጠበቅ የሚያወርደው ቀድሞውንም በዓይን ልናየው የምንችለውን ነው። የማናየው ግን እንደተንሳፈፈ ይቆያል።

ስለዚህ መፍትሔው ማጣሪያ ነው። ባለማጣሪያ መርፌ ብዙውን ጊዜ 5 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ማጣሪያ በውስጡ ይይዛል። መድኃኒቱን በእሱ ከቀዳን በኋላ አውጥተን በሌላ ንጹሕ መርፌ እንተካዋለን። ይህ መተካት ፈጽሞ መዘንጋት የለበትም፤ በዚያው መርፌ ከወጋን ማጣሪያው የያዘው ብርጭቆ በተቃራኒው ፍሰት ታጥቦ ወደ ታካሚው ይሄዳል።

ባለማጣሪያ መርፌ በሁሉም ጤና ጣቢያ አይገኝም። በማይገኝበት ቦታ በወፍራም መርፌ ከመቅዳት በቀጭን መቅዳት ይመረጣል። ይሁን እንጂ ራሳችንን አናታልል። ባለ 18 ቁጥር መርፌ ውስጡ 0.84 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ባለ 25 ቁጥር ደግሞ 0.26 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለው። ቀጭኑም ቢሆን 260 ማይክሮሜትር ነው፤ ከማጣሪያው ቀዳዳ ከ50 እጥፍ በላይ ይሰፋል ማለት ነው። ትልልቁን ይከለክላል እንጂ ማጣሪያን አይተካም። ስለዚህ በማጣሪያ እጦት ጊዜ የአሰባበሩ ጥራት ይበልጥ ዋጋ ያገኛል፤ ከመነሻው ያልተፈጠረ ብናኝ ማጣሪያ አያስፈልገውምና። የመርፌውን ጫፍ ከተሰበረው ጠርዝ ጋር አለማነካካት፣ በዝግታ መቅዳት፣ የአምፑሉን ወለልም አለመፋቅ ይጠቅማሉ።

አንድ ተጨማሪ ልዩነት እናስታውስ። ባለ ላስቲክ ክዳን ከሆነው ብልቃጥ ስንቀዳ አስቀድመን አየር እናስገባለን። አምፑል ግን አፉ ክፍት ስለሆነ አየር አያስፈልገውም፤ ብናስገባበት ፈሳሹ ይገነፍላል። ከተቀዳ በኋላ የተረፈው መድኃኒትም ለሌላ ጊዜ አይቀመጥም፤ ክዳን የሌለው ዕቃ ንጽሕናውን ሊጠብቅ አይችልም።

ጊዜ ሲያጥር

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በጸጥታ ክፍል ውስጥ ቀላል ይመስላል። የእውነተኛው ፈተና ቦታ ግን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከወሊድ በኋላ የሚከሰተውን የደም መፍሰስ ለመከላከል ለእናቲቱ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን እንዲሰጥ ይመክራል፤ መድኃኒቱ በአምፑል ይመጣል፤ የሚሰጠውም ሕፃኑ እንደተወለደ ወዲያው ነው። በዚያች ደቂቃ አምፑሉን በተሳሳተ አቅጣጫ ያጎበጠች አዋላጅ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ልታጣ ትችላለች፦ መድኃኒቱን፣ ጊዜውንና የጣቷን ቆዳ። ሦስተኛው ጉዳት ከመቆረጥ ያለፈ ትርጉም አለው። የአዲስ አምፑል ብርጭቆ የማንንም ደም አልነካም፤ የተቆረጠ ጣት ግን ክፍት በር ነው፤ ያ እጅ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ የሚነካው ደም ደግሞ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሄፓታይተስ ሲን ወይም ኤች አይ ቪን ሊይዝ ይችላል።

ስለዚህ የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ታጥቦ፣ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ሸፍኖ፣ ጓንት ለውጦ ካልሆነ ሥራውን አይቀጥልም፤ የሚተካው ባልደረባ ካለ መተካቱ ይበልጣል። ደም የነካው አምፑል ይወገዳል፤ አደጋውም ለኃላፊ ይነገራል። ከሁሉ በፊት ግን ጎዙ፣ ሲሪንጁና መርፌው አስቀድሞ በትሪው ላይ ይዘጋጅ፤ ጥድፊያው ከመምጣቱ በፊት ነጥቡ የት እንዳለ ይታወቅ። በችኮላ ጊዜ እጅ የሚሠራው በተረጋጋ ጊዜ የለመደውን ነው። ፋብሪካው ስንጥቁን አዘጋጅቶልናል፤ ለእኛ የቀረልን ጉልበት መጨመር ሳይሆን አቅጣጫውን ማወቅ ነው።

መልመጃ

1. ባለ አንድ ነጥብ አምፑል ራሱ ወደ ነጥቡ አቅጣጫ ሲጎብጥ የትኛው የአንገቱ ገጽ ይወጠራል? የትኛውስ ይጨመቃል? በሥዕል አሳዩ።

2. የስንጥቁ ጥልቀት ከ100 ወደ 25 ማይክሮሜትር ቢቀንስና የጫፉ ሬዲየስ 0.01 ማይክሮሜትር ሆኖ ቢቀር፣ ውጥረቱ ስንት እጥፍ ይሆናል? (መልስ፦ 101 እጥፍ።)

3. የ50 ማይክሮሜትር ቅንጣት 2 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 11 ሴኮንድ ከፈጀበት፣ የ20 ማይክሮሜትር ቅንጣት ስንት ይፈጅበታል? (መልስ፦ 70 ሴኮንድ ገደማ፤ ፍጥነቱ ከዲያሜትሩ ካሬ ጋር እንደሚያድግ አስታውሱ።)